የሌለ ከተማ እንደራሴዎች

«አንድ ሰው አንድ ድምፅ» የምትባለው ቃል በየአምስት ዓመቱ ከድምፅ ማጉያ ትወጣለች፣ በየአጥሩ ትለጠፋለች፣ ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ ከፖስተሩ ጋር ዝናብ ያጥባታል። የሚቃወማት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ገዢውም ተቃዋሚውም፣ ካድሬውም ምሁሩም ይምሉባታል። እኔ ዛሬ አንባቢን ይዤ ልጠይቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ለመሆኑ የአንዱ ሰው አንድ ድምፅ ከሌላው ሰው አንድ ድምፅ ጋር እኩል ይመዝናል ወይ?

ሀይሌ ጋርመንት ለሚኖር ሰው ሚዛን እንግዳ ነገር አይደለም። አትክልት ተራው በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ተነስቶ ወደ እኛ ሰፈር ከመጣ ወዲህ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲመዘን እያየን እንውላለን። ሚዛኑን የተጠራጠረ ገዢ «እስቲ በሌላ ሚዛን ይታይልኝ» ቢል የሚቆጣው የለም፤ መብቱ ነው። ድምፁ የሚመዘንበትን ሚዛን «እስቲ ይፈተሽልኝ» የሚል መራጭ ግን አላየሁም። ይህ ሚዛን የምርጫ ክልል ይባላል። መሬት ላይ የማይታይ መስመር ነው፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር ተደምሮ አንድ እንደራሴ እንደሚልክ የሚወስነው እሱ ነው።

ክርክሬን ሳልጠመዝዝ ላስቀምጥ። የምርጫ ክልሎቻችን የተሰመሩት ዛሬ በሌለች አዲስ አበባና ዛሬ በሌለች ኢትዮጵያ ላይ ነው። መስመሩ ቆሞ ቀረ፤ ሕዝቡ ሄደ። ሕዝቡ ሲሄድ ባለበት የቆመ መስመር ደግሞ፣ ማንም ክፉ እጅ ባይነካውም፣ ድምፅ ይሰርቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። አንቀጽ 38 ምርጫ ሁሉን ያቀፈና በእኩልነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር የሕዝብን ብዛት መሠረት አድርጎ ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር የአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ ውጤቱን ይዞ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ እንዲያቀርብ፣ የምርጫ ክልሎችን ወሰንም የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ይላል። ሦስቱን አንቀጾች አጋጥሞ ያነበበ ሰው ሐሳቡን አይስተውም። ሕዝቡ ይቆጠራል፤ በቆጠራው መስመሩ ይሰመራል፤ በመስመሩ ድምፁ እኩል ይሆናል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ከቀረ ሁለቱ የወረቀት ጌጥ ናቸው።

ታዲያ ስንት ጊዜ ተቆጠርን? በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.፤ በቃ። በ1997 መደረግ የነበረበት ቆጠራ ሁለት ዓመት ተገፍቶ በ1999 ተደረገ። ከዚያ የሚቀጥለው ለኅዳር 2010 ተቀጠረ፤ ተላለፈ። ለመጋቢት 2011 ተቀጠረ፤ ተላለፈ። ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በአንድ ዓመት አራዘሙት። ዓመቱ ሳይሞላ ኮሮና መጣ፤ ኮሮናው ሳይወጣ ጦርነት መጣ። በ1999 የተወለደው ሕፃን አድጎ፣ 18 ዓመት ሞልቶት የመራጭነት ዕድሜ ላይ ደረሰ፤ ቆጠራው ግን ታናሽ አላገኘም።

ይህም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የተቆጠርነውም ቢሆን ወንበር አላነቃነቀም። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ጉባኤ አባላት በግንቦት 1986 ሲመረጡ ወንበሩ 547 ነበር። የሕዝብ ቆጠራው የተካሄደው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1987 ነው። እንግዲህ የወንበሩ ቁጥር ከቆጠራው ቀድሞ ተወልዷል ማለት ነው። በ1997፣ በ2002፣ በ2007 ምርጫዎችም ቁጥሩ ያው 547፤ የአዲስ አበባም ድርሻ ያው 23። በ2013ቱ ምርጫ በብዙ ቦታ ድምፅ ባይሰጥም ስሌቱ ግን ያው ነበር። በመካከሉ የአገሪቱ ሕዝብ በ1987 ከተቆጠረው 53 ሚሊዮን በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን ደርሷል፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን ማለፉን የማይናገር መሥሪያ ቤት የለም። ሕገ መንግሥቱ ከፈቀደው 550 ገና ሦስት ወንበር ተርፎን፣ እሱንም የት እንደምናስቀምጠው ሳንመክር ከ25 ዓመት በላይ አለፈ።

አንድ ነገር ላስታውስ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዲሞክራሲ አብነት አይደለም፤ ንብረት የሌለው ሰው ለእንደራሴነት እንዳይወዳደር የሚያግድ ሥርዓት ነበር። ያም ሆኖ ቁጥር ጽፎ ነበር። አንድ የምርጫ ወረዳ በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሕዝብ ይኑረው፤ ሁለት እንደራሴ ይላክ፤ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ አንድ ይጨመርለት፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 50 ሺህ ደግሞ አንድ ይላል። በዘመኑ ሕዝቡ በወጉ ስላልተቆጠረ ስሌቱ ግምት ነበር። ቢሆንም ንጉሡ እንኳ «ስንት ሰው አንድ ወንበር ይገባዋል?» የሚለውን ጥያቄ ጠይቀዋል። የኛው ሕገ መንግሥት ጣሪያውን ነግሮን ወለሉን ለቆጠራ ተወው፤ ቆጠራውም ቀረ።

ሚዛኑን በሌላ ሚዛን

እስቲ የ1999ኙን ቆጠራ እንደ ሚዛን እንጠቀምበት። በዚያ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት፤ ለ23 ወንበር ሲካፈል ለአንድ እንደራሴ 119 ሺህ ሰው ይደርሳል። ትግራይ በ38 ወንበር ወደ 113 ሺህ፤ የያኔው ደቡብ ክልል በ123 ወንበር 122 ሺህ፤ አማራ በ138 ወንበር 125 ሺህ ገደማ። ኦሮሚያ በ178 ወንበር ከ150 ሺህ በላይ። አፋር በ8 ወንበር 176 ሺህ። ሶማሌ ክልል ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ ይዞ 23 ወንበር፤ ለአንድ እንደራሴ 193 ሺህ ሰው። የሐረሪና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቁጥር ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ለዚያስ ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ያስቀመጠው ልዩ ውክልና አለ። በአዲስ አበባና በሶማሌ ክልል መካከል ያለውን ልዩነት ግን በምን እንሸፍነዋለን? ሁለቱም 23 ወንበር አላቸው። የአንድ አዲስ አበቤ ድምፅ በጅጅጋ ከሚኖር ሰው ድምፅ ከግማሽ በላይ ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ይኸው፣ አዲስ አበባ ተጠቃሚ ከሆነች አንተ የጋርመንቱ ሰው ምን አንጫጫህ?» ሊለኝ ይችላል። መልሴ አጭር ነው። «ለኔ ሰፈር ወንበር ይጨመር» ለማለት አይደለም የተነሳሁት። ሚዛኑ ይስተካከል ነው የምለው፤ ሚዛኑ ሲስተካከል ከተማዬ ከሌላው ክልል አንጻር የምታጣው ነገር ካለ ትጣ። በተሳሳተ ሚዛን የተረፈኝን ሥጋ እየበላሁ ስለ ፍትሕ ብጽፍ ማን ይሰማኛል? ደግሞም በ1999 ትርፍ የመሰለው ዛሬ ትርፍ ስለ መሆኑ የሚያውቅ የለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ አዲስ አበባን ወደ 4 ሚሊዮን ያስጠጋታል፤ ያ ለ23 ሲካፈል ለአንድ እንደራሴ ከ170 ሺህ በላይ ነው። ትንበያውም ቢሆን ያው ከ1999 ቁጥር የተቀመረ ነው፤ አሮጌውን ልብስ ገልብጦ እንደ መስፋት።

የከተማዋ ሆድ ዕቃ ሲታይ ነገሩ ይብሳል። 23ቱ የአዲስ አበባ ምርጫ ክልሎች የወጡት ከተማዋ በ28 ወረዳዎች በምትተዳደርበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ወረዳ ብቻውን፣ አንዳንዱ ከሌላው ተጣምሮ አንድ ምርጫ ክልል ሆነ። 12/13፣ 21/22 እየተባሉ በመስመር ተከፍለው የሚጻፉት ቁጥሮች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። በ1995 ዓ.ም. 28ቱ ወረዳዎች ፈርሰው 10 ክፍለ ከተሞች መጡ። ቀበሌው ተጠፈጠፈ፤ ወረዳው እንደ አዲስ ተቆጠረ። በ2013 ለሚ ኩራ ተወልዶ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ። መታወቂያው፣ ግብሩ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ ወደ አዲሱ ካርታ ተዛወረ። የምርጫ ክልሉ ብቻ በፈረሰው ከተማ ውስጥ ቀረ። ሰው በአንድ ከተማ ይኖራል፤ በሌላ ከተማ ይመርጣል፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ይባላሉ።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። 28ቱ ወረዳዎች በተሠሩበት ጊዜ ጀሞ የእርሻ ማሳ ነበር። ለቡ፣ ሀና ማርያም፣ ሀይሌ ጋርመንት የከተማው ዳር ነበሩ። ስሙን ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የወሰደው ሰፈራችን ዛሬ አደባባይ አለው፣ ገበያ አለው፣ ረዳቶች ከሩቅ «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያሉ የሚጠሩት የራሱ ሕዝብ አለው። በ1999 እንኳ የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ ገና በጀመረበት ጊዜ ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283፣ ኮልፌ ቀራኒዮ 428,895 ሰው ነበራቸው። በዚያው ቆጠራ ልደታ 201,713፣ አራዳ 211,501 ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ቆጣሪ አያሻም። ልደታ ፈርሶ ተሠራ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ተነሱ፤ ከካዛንቺስ የተነሳው ብዙ ሰው ገላን ጉራ ሰፈረ። የመሐል ከተማው ሰው በየጭነት መኪናው ቁምሳጥኑን አስሮ ወደ ዳር ወጣ። ቤቱን ይዞ ባይሄድም ራሱን ይዞ ሄዷል። ወንበሩ ግን ከእርሱ ጋር አልተጫነም፤ መሐል ከተማ ቀርቷል።

ሰፈራችን ካለች ቡና መጠጫ ቁጭ ብዬ በዙሪያዬ ያሉትን «የምርጫ ክልላችሁ ቁጥር ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቡና የምታፈላው ልጅ የወረዳዋን ቁጥር ነገረችኝ። ከአትክልት ተራው የመጣ ተሸካሚ «መታወቂያዬ የክፍለ ሀገር ነው፤ እኔን ተወኝ» አለኝ። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኔ እንደራሴዬን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም፤ ስለዚህ ተጣልተን አናውቅም» አሉ። ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ወደ ወረዳ የሚሄድ፣ መንገድ ሲበላሽ ወደ ክፍለ ከተማ የሚሄድ ሕዝብ፣ ሕግ የሚያወጣለትን ሰው የት እንደሚያገኘው ካላወቀ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ሸገር ከተማ ይጀምራል። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ መስማማታቸው ተነገረ። በአዲስ አበባ አስተዳደር የተሠራው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወደ ኦሮሚያ ሆነ። ወሰን መስማማት ጥሩ ነው፤ ያልተሰመረ ወሰን ያፈሰሰውን ደም እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ አልጋውን ሳያንቀሳቅስ ከአንዱ ምክር ቤት መራጭነት ወደ ሌላው ሲዛወር ቢያንስ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሊባል አይገባም ነበር? የመራጩ ወሰን በአስተዳዳሪዎች ስምምነት እየተከተለ የሚሄድ ጅራት ከሆነ፣ እንደራሴው የማን እንደራሴ ነው?

ባሕር የዋጠው መንደር

ይህ ነገር በኛ አልተጀመረም። እንግሊዝ አገር ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ ኦልድ ሳረም የሚባል አሮጌ ኮረብታ አለ። በጥንት ዘመን ከተማ ነበረበት፤ ሕዝቡ ለቆት ሄዶ ፍርስራሹ ቀረ። ፍርስራሹ ግን እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴ ወደ ለንደን ይልክ ነበር። መራጮቹ አንድ ደርዘን አይሞሉም። በሰፎክ አውራጃ ያለችው ደንዊች ደግሞ አብዛኛዋን ባሕር ዋጣት፤ እንደራሴዎቿ ግን አልሰጠሙም፤ ሁለቱም ምክር ቤት ይገቡ ነበር። በዚያው ጊዜ የፋብሪካ ጭስ የሸፈናት፣ ሠራተኛ የሞላባት ማንቸስተር የራሷ አንድ እንደራሴ እንኳ አልነበራትም። ሕዝቡ ከገጠር ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ወንበሩ ከበጎች ጋር ገጠር ቀረ። ለውጡ የመጣው በብዙ ሁከትና በብዙ ክርክር ነው።

አሜሪካኖችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ የፈረመበት የወሰን ካርታ እንደ እንሽላሊት ስለተጠማዘዘ ስሙ ከዚያ እንስሳ ስም ጋር ተዳቅሎ የማጭበርበር መጠሪያ ሆነ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛውን ዘዴ ነው። አላባማ መስመር አላጣመመችም፤ በ1900 ቆጠራ ላይ የተመሠረተውን ድልድል ዝም ብላ አስቀመጠችው። 60 ዓመት አለፈ፤ ከተሞቹ አበጡ፤ ገጠሩ ሳሳ፤ ወንበሩ አልተነቃነቀም። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይህ እኩልነት አይደለም» ብሎ ፈረደ። ድምፅ መስረቂያው እንግዲህ ሁለት ነው። አንዱ መስመሩን ማጣመም፤ ሌላው መስመሩን አለመንካት። የመጀመሪያው ብልጥነት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ስንፍና ብቻ ይበቃዋል።

እንግሊዞች ዛሬ የት ደረሱ? ምርጫ ክልሎቹን በየስምንት ዓመቱ የሚከልስ ኮሚሽን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተጠናቀቀው ክለሳ አንድ ምርጫ ክልል ከ69,724 መራጭ እንዳያንስ፣ ከ77,062 እንዳይበልጥ ሕግ አስሮታል፤ ከነዚህ ልክ ውጪ የተተዉት በጣት የሚቆጠሩ ደሴቶች ናቸው። ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል፤ የመንደር ሰው ሳይቀር «ወንዙ ለሁለት ከፈለን፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የኛ ነው» እያለ ይከራከራል፤ ረቂቁም ይሻሻላል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ 290 ምርጫ ክልሎች ወስና፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲከለሱ አዝዛ፣ ልዩነቱ ለከተሞችና ሕዝብ ለሳሳባቸው አካባቢዎች ከ40 በመቶ፣ ለሌላው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሚሽነሮች ስላልተሟሉ ቀጠሮውን አሳልፋለች። ቀጠሮ ያለው ሰው ግን መዘግየቱ ይታወቅበታል፤ ይወቀሳልም። ቀጠሮ የሌለውን በምን ትወቅሰዋለህ?

«ጊዜው አይደለም»

አሁን ወደ መልሶቹ ልሂድ፤ ሦስት ናቸው።

አንደኛው «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ስለ ምርጫ ክልሎቹ አወሳሰን ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ ውዬ፣ በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ «ቴክኒካዊ ነው፤ ለጋዜጣ አይሆንም» የሚል ነበር። ሚዛን መሥራት የባለሙያ ሥራ መሆኑን አልክድም። ሚዛኑ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን የሸማቹ ሥራ ነው። ካርታ የሚሠራው ባለሙያ ማንን ከማን ጋር እንደሚያጣምር መመሪያ ያሻዋል፤ መመሪያውም ፖለቲካ ነው፤ ፖለቲካውም የሁላችን ነው።

ሁለተኛው «ቆጠራ ጠብ ያመጣል» የሚለው ነው። ይህ ከሦስቱ ክብደት ያለው መልስ ነው፤ አላናንቀውም። የ1999ኙ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በብዙ አንሷል ተብሎ በምክር ቤት ሳይቀር አከራክሯል፤ ቁስሉም እስከ ዛሬ አልሻረም። ቁጥር በጀት ነው፤ ቁጥር ወንበር ነው፤ ቁጥር ክብር ነው። ስለዚህ ይጣሉበታል። ነገር ግን አለመቁጠር ጠቡን አላስቀረውም። ሁሉም የየራሱን ቁጥር በኪሱ ይዞ እንዲዞር አደረገው እንጂ። አንዱ «እኛ 40 ሚሊዮን ነን» ይላል፤ ሌላው «እኛ 50» ይላል፤ ዳኛ የለም። የታመነ ቆጠራ ጠብን የሚያስነሳውን ያህል ለጠብ ገደብ ያበጅለታል። ጦርነት ባለበት ቆጣሪ ላኩ አልልም። ሰላም ባለበት ግን ምን ያዘን? አዲስ አበባ በየኮሪደሩ እያንዳንዱን በር ቀለም ለመቀባት ከተደረሰላት፣ ከበሩ ኋላ ስንት ሰው እንዳለ ለመጠየቅ ጊዜ አይታጣም።

ሦስተኛው መልስ የተስፈኛ ሳይሆን የተስፋ ቆራጭ ነው። «አንድ ፓርቲ ጠቅልሎ በሚወስደው ምክር ቤት የመስመር መስተካከል ምን ይፈይዳል?» ይሉኛል። በ2002 ከ547 ወንበር ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ። በ2007 ያም ቀረ። እውነት ነው። ሆኖም በ1997 በዚሁ ካርታ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበር በሙሉ ወስዷል። ጠቅልሎ መውሰድን የሚያመጣው የፓርቲው ጉልበት ብቻ አይደለም። ሕጋችን በምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ሁሉንም ይውሰድ ስለሚል ነው። በእንዲህ ያለ ሕግ ውስጥ ደግሞ መስመሩ የት ጋ ያልፋል የሚለው ማን አብላጫ ይሆናል የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ ፉክክር ሲጠነክር የመስመሩ ጉዳይ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። ጠንካራ ፉክክር የመጣ ቀን በቸኮለ እጅ መስመር ብንነካ «ለኛ ብለው ነው» የማይል ወገን አይኖርም። መስመር የሚነካው ማንም ማን እንደሚጠቀም እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ለዚህ ነው።

ተቃዋሚ ፓርቲዎችንም ሳልነካቸው አላልፍም። ስለ ምርጫ ቦርድ ገለልተኛነት፣ ስለ ታዛቢ፣ ስለ አየር ሰዓት ብዙ ተናግራችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። በአንድ ምርጫ ክልል ስንት ሰው አለ ብላችሁ ግን አልጠየቃችሁም። ሰበብ ለመሸነፊያ ስትፈልጉ ኮሮጆው ውስጥ ትፈልጋላችሁ፤ ኮሮጆው ገና ሳይሠራ ሚዛኑ ማዘንበሉን አታዩም። ምሁራኑም ቢሆን ስለ ክልል ወሰን የጻፉት ሲቆለል ቤት ይሞላል፤ ስለ ምርጫ ክልል ወሰን የጻፉት ግን ከኪስ አይተርፍም። የመጀመሪያው መሬት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ነው። መሬት ከሰው የበለጠብን ዘመን ላይ መሆናችንን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ምን ይደረግ? የምለው ለመንግሥትም ለቦርዱም የሚከብድ አይደለም። ቆጠራው ሰላም ባለበት ይጀመር፤ ውጤቱ የሚፈተሽበት ነጻ ዐይን ይኑር። ቆጠራው እስኪያልቅ ምርጫ ቦርድ በየምርጫ ክልሉ የመዘገበውን የመራጭ ብዛት ጎን ለጎን አሰልፎ ያውጣ፤ የትኛው ወንበር በስንት ሰው ላይ እንደ ተቀመጠ ሕዝብ በዐይኑ ይይ። ልዩነቱ ከዚህ በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ልክ በሕግ ይጻፍ፤ ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቀው ወንበር እንደ ተጠበቀ ሆኖ። የአዲስ አበባ 23 ምርጫ ክልሎች ከፈረሱት 28 ወረዳዎች ተላቀው ሰው በሚኖርበት ከተማ ላይ እንደገና ይሰመሩ። ረቂቁ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት በየወረዳው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ጋርመንት ያለው የጋርመንቱን፣ ገላን ጉራ የሰፈረው የገላን ጉራውን፣ ቀብሪ ደሃር ያለውም የራሱን ይናገር።

ሰው ሳይቆጥር እንጀራ የሚያድል ደጋሽ አንዱን ያጠግባል፤ ሌላውን ጾሙን ይሸኛል፤ ከዚያ «ድግሴን ማን ነቀፈው?» ብሎ ይቆጣል። እኛም በየአምስት ዓመቱ በማለዳ ተሰልፈን፣ ጣታችንን ቀለም ነክረን፣ ስንት እንደሚመዝን የማናውቀውን ድምፅ ኮሮጆ ውስጥ ጥለን እንመለሳለን። ይህን ስናደርግ የታገሥነው ስለማይገባን አይደለም፤ የጠየቀ ስለሌለ ነው። እነሆ ጠይቀናል። መጀመሪያ ቁጠሩን። ከዚያ መስመሩን አስምሩ። «ምረጡ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ይምጣ።